ያልተገላበጠው ክምር

«ሚጣዬ፣ አፉን ግጥም አድርገሽ ያዥልኝ!» አለ አባቷ፣ ጆንያውን በጉልበቱ ደግፎ ገመዱን እያጠበቀ።

ልጅቱ ያዘች። ከጆንያው የወጣው ሽታ አፍንጫዋን ሰነፈጣት። የበሰለ ብስባሽ ዝናብ እንደጠገበ አፈር ይሸታል፤ ይህ ግን ገና በረት በረት ይላል። አባቷ ጉንፋን ስለያዘው አልታወቀውም።

ከበረቱ የሚጠረገውን እበት ከገለባና ከቅጠል ጋር ከምሮ፣ አብስሎ መሸጥ የቤታቸው መተዳደሪያ ነው። ክምሩ በየጊዜው ካልተገላበጠ ግን ላዩ በስሎ ውስጡ ጥሬ ይቀራል፤ ጥሬው ደግሞ የለጋ ችግኝ ሥር ያቃጥላል። ማገላበጡ የእርሷ ድርሻ ነበር። የክፍል ጓደኞቿ በአጥር አሻግረው አይተዋት፣ «እሜቴ እበት! ሽቶሽ ከየት ነው የተገዛው?» ብለው ከተሳለቁባት ወዲህ፣ ላይ ላዩን ጫር ጫር አድርጋ «አገላበጥኩት» ማለት ጀመረች። ውሸት ጠዋት ጠዋት ሲነገር እንደ ሰላምታ ይቀላል።

«ለመሆኑ በስሏል?» አለች ደንበኛቸው፣ ችግኝ የምታፈላው ሴት፣ ከፒካፑ ጎን ቆማ። «አምና ቲማቲሜን በሽታ ጨረሰብኝ። ዘንድሮም ከከሸፈብኝ በሬን ዘግቼ መሄድ ነው።»

«እኔማ ዘንድሮ እንጨት እንኳ ሰክቼ ሙቀቱን አላየሁም» አለ አባቷ። «የያዘችው እርሷ ናት፤ ቃሏ ይበቃኛል።»

«ታድለሃል ወንድሜ! የእኔው ጎረምሳ እንኳን ፍግ ሊያገላብጥ፣ ተኝቶ ጎኑን ለመገልበጥም ሰው ይጠራል።»

ሁለቱም ከት ብለው ሳቁ። ልጅቱ ለመሳቅ ሞክራ አቃታት። ቢቆጧት በቻለችው ነበር፤ የከበዳት መታመኗ ነው።

የመጨረሻው ጆንያ ተጫነ። ሴትዮዋ ጋቢና ገብታ ሞተሩን አስነሣች። ልጅቱ አባቷን አየችው፤ መዳፉን በሱሪው ላይ እየጠረገ፣ ሥራው እንዳማረለት ሰው ፈገግ ብሎ ቆሟል። አሁን ብትናገር በደንበኛቸው ፊት ይዋረዳል። ዝም ብትል ደግሞ የሴትዮዋ የችግኝ መደብ ይቃጠላል፤ ያን ጊዜ የሚረገመው የእርሱ ስም ነው።

«አባዬ» አለች። ድምፅዋ በሞተሩ ጩኸት ተዋጠ።

የፒካፑን ጠርዝ ይዛ ወጣች። የአንዱን ጆንያ ገመድ ፈትታ እጇን እስከ ክንዷ ሰደደች፤ አንድ ጭብጥ ዘግና ወረደችና በአባቷ መዳፍ ላይ አኖረችው። ገና ይሞቅ ነበር፤ የበሰለ ቢሆን በቀዘቀዘ ነበር።

አባቷ መዳፉን ትኩር ብሎ አየ፤ ጨመቀው። ፈገግታው ቀስ በቀስ ከፊቱ ጠፋ።

«አላገላበጥኩትም» አለች። «ስትጠይቀኝ ሁሉ ዋሽቼሃለሁ።»

ሴትዮዋ ሞተሩን አጥፍታ፣ «ምን ሆናችሁ?» እያለች በመስኮቱ አንገቷን አወጣች።

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ይህ ለችግኝ አይሆንም» አለች ልጅቱ። ከዚያም የሚመጣውን ቁጣ ሳትጠብቅ፣ የመጀመሪያውን ጆንያ አቅፋ ማውረድ ጀመረች።