አረንጓዴው ናፍጣ

ዴርቭላ እንደገና ዞር ብላ ወደ ኋላ አየች። እናቷ በክርኗ ጎሸም አደረገቻት።

«ምን ያቁነጠንጥሻል? ወደ ፊት እዪ።»

«አባዬን ፈልጌ ነው።»

«አባትሽማ እዚያው ነው፤ ከሰዎቹ ጋር።»

ሰዎቹ እንደ ሁልጊዜው በሩ ሥር ተኮልኩለዋል። በዚህ ሰበካ ግማሹ ወንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ አያውቅም። ቅዳሴው ከተጀመረ በኋላ ይገባል፣ ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል፣ ቁርባን ሲሰጥ ሹልክ ብሎ ይወጣል። ማን መጣ ማን ቀረ ብሎ የሚቆጥር የለም፤ ከፊት የተቀመጠ ሰው ወደ ኋላ ዞሮ ቢያፈጥጥ ነውር ነው። ዴርቭላ ነውሩን ትታ አንድ በአንድ ቆጠረቻቸው። ስምንት ናቸው። አባቷ የለም። ያለፈው እሁድም አልነበረም። ከጥግ በኩል ሰማያዊ የሥራ ጃኬት የለበሰ፣ የብስክሌት ቆቡን በእጁ የያዘ፣ ጢሙ የሸበተ ሰው አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። ጊንታራስ ነው፤ በጓደኛዋ በሶራካ ቤተሰብ እርሻ ላሞች የሚያልበው ሊትዌኒያዊ። እሱ ያለፈው እሁድም እዚያው ነበር።

ሶራካና ወላጆቿ ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ ሰው ሁሉ በሚያያቸው ቦታ፣ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል።

ቅዳሴው ሲያልቅ አባቷ ፊንታን ሞተሩን አስነስቶ በር ላይ እየጠበቃቸው ነበር። ዴርቭላ ከኋላ ስትገባ ሽታው አፍንጫዋን መታው፤ የናፍጣና የሳሙና ሽታ፣ አንድ ላይ።

«ስብከቱ እንዴት ነበር አባዬ?»

«ረዘመ» አለ አባቷ፣ በመስታወቱ ሳያያት። «እንደ ልማዳቸው።»

ዛሬ ስብከት አልነበረም። ቄሱ ጉሮሯቸውን ታመው የጳጳሱን ደብዳቤ አንድ ገጽ አንብበው ነው የተቀመጡት። እርግጥ ከኋላ የሚቆም ወንድ ስብከት ሰምቶ ስለማያውቅ ይህ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ዴርቭላ ግን ወደ እናቷ አየች። እናቷ ስብከት እንዳልነበረ ታውቃለች። መስኮቱን ዝቅ አድርጋ ፊቷን ወደ ንፋሱ አዞረች።

ማደያው ጋ ሲደርሱ አባቷ አልቆመም። በሰሌዳው ላይ የአንድ ሊትር ናፍጣ ዋጋ ከሁለት ዩሮ ካለፈ ሰነበተ፤ ቁጥሩን የሚቀይረው ሰው መሰላሉን ማንሳቱን ትቶ እዚያው አስደግፎታል። ባለፈው ወር አባቷ በዚያ ሲያልፍ ሁሉ ይሳደብ ነበር። አሁን ስድቡን ትቷል። ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድም ቀን ቆሞ አልቀዳም፤ የነዳጁ ጠቋሚ ግን ወርዶ አያውቅም። አባቷ በሥራው ግድግዳ ለሳኝ ነው፤ በየመንደሩ ይዞራል። በዚያ ላይ እናቷ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ለኩላሊት እጥበት ስላይጎ ከተማ ወዳለው ሆስፒታል ትሄዳለች፤ ደርሶ መልስ መቶ ሠላሳ ኪሎ ሜትር። ይህን ሁሉ በምን እየነዳው ነው?

ከሰዓት በኋላ አባቷ ኳስ እያየ እንቅልፍ ሲወስደው፣ ዴርቭላ ወደ መኪናው ሄዳ የነዳጁን ክዳን ፈታች። ነጭ ሶፍት ጠቅልላ የቀዳዳውን ከንፈር ከውስጥ ጠረገች። ሶፍቱ አረንጓዴ ሆኖ ወጣ።

በዚህ አገር ያደገ ልጅ የዚያን ቀለም ትርጉም አስረጂ አያስፈልገውም። ለእርሻ ትራክተር ብቻ የተፈቀደ፣ ቀረጡ የተቀነሰለት ናፍጣ ነው፤ ቀለሙ የሚጨመርበት፣ መኪና ላይ ሲቀዳ እንዲያጋልጥ ነው። ጉምሩኮች መንገድ ላይ አስቁመው ቱቦ ይሰዱና ያያሉ። ካገኙ መኪናውን እዚያው ጭነውት ይሄዳሉ። መኪናው ከሄደ እናቷ በምን ስላይጎ ትደርሳለች?

ዴርቭላ ሶፍቱን ምድጃው ውስጥ ከተተችው። እነሱ ትራክተር የላቸውም። ታዲያ አባቷ ይህን ከየት አመጣው?

መልሱ ሰኞ ጠዋት በትምህርት ቤቱ አውቶቡስ ውስጥ መጣ፣ ድንች ጥብስ እየበላ።

«ሌባ ገብቶልናል» አለች ሶራካ አጠገቧ ዘፍ ብላ። «ናፍጣችንን እየጠጣልን ነው።»

«ማን?»

«ማን ይሆናል? ጊንታራስ ነዋ።»

«ጊንታራስ መኪና የለውም እኮ። ያለው ብስክሌት ነው።»

«ይሸጠዋላ! ፋራ አትሁኚ።» ሶራካ ጣቶቿን ላሰች። «አባዬ ታንኩ ላይ በጠመኔ ምልክት አደረገ። እሁድ ወደ ቅዳሴ ስንሄድና ስንመለስ ልኩ አንድ አይደለም። ሦስት እሁድ በተከታታይ! እኛ ሁላችን ቤተ ክርስቲያን ነን። ግቢው ውስጥ የሚቀረው ማነው?»

«ጠይቃችሁታል?»

«ጠይቀነዋል። ቅዳሴ ነበርኩ አይልም መሰለሽ? እናቴ በሳቅ ፈረሰች። ስድስት ዓመት እኛ ጋ ሲኖር አንድ ቀን ቅዳሴ ላይ አይተነው አናውቅም።»

ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣችሁ እንዴት ታዩታላችሁ? ዴርቭላ ቃሉ ከጥርሷ ደርሶ መልሳ ዋጠችው።

«ዓርብ ያባርረዋል» አለች ሶራካ። «የሚኖርበትን ተጎታች ቤትም ይለቃል። ሲያሳዝን፤ ጥሩ ሰው ይመስል ነበር። ምነው፣ ፊትሽ ነጭ ሆነ?»

«አውቶቡሱ ነው» አለች ዴርቭላ።

ማክሰኞ ከትምህርት በኋላ አባቷ ሊወስዳት መጣ፤ እናቷን ከስላይጎ አብረው ሊያመጧት ነው። ዋናውን መንገድ ይዘው ጥቂት እንደ ሄዱ ከኩርባው ማዶ ቢጫ ጃኬቶች ብቅ አሉ። ሁለት ሰዎች አንድ ቫን አስቁመው ጎኑ ላይ አጎንብሰዋል። አባቷ ፍሬን ያዘና በግራ በኩል ረግረጉን ወደሚያቋርጥ ጠባብ መንገድ ታጠፈ።

«ለምን ታጠፍን?»

«መንገዱ ተዘግቷል።»

«አልተዘጋም። ጉምሩኮች ናቸው።»

«አፍሽን ያዢ፣ ልንዳበት።»

«ክዳኑን ከፍቼ አይቻለሁ አባዬ። አረንጓዴ ነው። ከእነ ሶራካ ታንክ ነው የምትቀዳው፣ እኛ ቅዳሴ ላይ ስንሆን።»

መኪናው ፍጥነቱ እየቀነሰ ሄዶ ቆመ። ዙሪያውን ጥቁር ጭቃና ውሃ ብቻ ነው። አባቷ እጆቹን ከመሪው ላይ አላነሳም። ሲናገር መጀመሪያ ድምፁ ቀስ ያለ ነበር።

«እዚህ የነበረውን አውቶቡስ ያስቀረው ማነው? እኔ ነኝ? የጤና ጽሕፈት ቤቱ ለእናትሽ መኪና እልካለሁ ብሎ የላከው ምንድን ነው? ደብዳቤ! ደብዳቤ ላይ ተቀምጣ ትሂድ? ሚኒስትሩ ደግሞ በሬዲዮ ይቀርብና አላስፈላጊ ጉዞ ቀንሱ ይለኛል። እሱን ሾፌር ነው የሚያመላልሰው! የትኛውን ልቀንስ? ማክሰኞን? ሐሙስን? ደሟ በሳምንት አንዴ ይታጠብ?» አሁን እየጮኸ ነው። «ከማደያ ብቀዳ የነዳጁ ወጪ ደመወዜን ሊበልጥ ትንሽ ነው የቀረው! ዛሬ ነገ ደግሞ ይበልጣል!»

 ከተናገረው ውስጥ ዴርቭላ አንድም ውሸት አላገኘችበትም፤ ያናደዳትም እሱ ነው። እውነቱን የሚናገርበት ያው አፍ ስብከቱ ረዘመ ሲልም አላቅማማም።

«ጊንታራስን ሊያባርሩት ነው» አለች።

«ሰምቻለሁ።»

«ሰምተሃል?»

«ኮሎም ነገረኝ። ቅዳሜ መንገድ ላይ አግኝቶኝ።»

ኮሎም የሶራካ አባት ነው።

«አንተ ምን አልከው?»

አባቷ በመስኮቱ ወደ ረግረጉ አየ። «ምን እላለሁ? ‹አይ ሰው!› አልኩት።»

«ከዚያ እሁድ ደግመህ ሄድክ።»

«ጠንካራ ሠራተኛ ነው፤ በሳምንቱ ሌላ እርሻ ያገኛል። ለእናትሽ ግን ሌላ መኪና የለም። ኮሎም ካወቀ ለጉምሩክ ይደውላል፤ እኔ አውቀዋለሁ፣ አይምርም።» ዞሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት አያት። «ልትናገሪ ነው? በዚህ አገር ጆሮ ጠቢ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ አይደል? የጆሮ ጠቢ ስም መቃብር አይውጠውም። የልጅ ልጁን ሳይቀር የጆሮ ጠቢው ዘር ይሉታል።»

ቃሉን ታውቀዋለች። በሰፈራቸው ከሌባም ከሰካራምም በታች የሚቀመጥ ቃል ነው። ለመንግሥት ሰው ጎረቤቱን የሸጠ ነው ጆሮ ጠቢ።

«ለአንተስ ምን ይሉሃል?» አለች። «ራሱ ሰርቆ፣ ሌላው ሲባረርበት ‹አይ ሰው!› ለሚል ሰው ስም አላወጡለትም?»

አባቷ መሪውን በመዳፉ መታው። አንዴ ብቻ። ከዚያ ሞተሩን አስነሳ።

ስላይጎ ሲደርሱ እናቷ ክንዷ ላይ ፋሻ ተለጥፎባት በር ላይ ቆማ ነበር፤ ከንፈሯ ገርጥቷል።

«ምነው ዘገያችሁ?»

«ሎሪ ተገልብጦ» አለ አባቷ።

እናቷ በጎማው ላይ የደረቀውን የረግረግ ጭቃ አየች። ገብታ ቀበቶዋን አሰረች። ከከተማው ከወጡ በኋላ፣ ማንንም ሳታይ፣ «እሁድ ስብከት አልነበረም እኮ ፊንታን» አለች።

ረቡዕ ጠዋት ዴርቭላ የአባቷን የሥራ ባልዲ ተሸክማ እስከ መኪናው ሸኘችው።

«ለጉምሩክ አልናገርም» አለችው። «ለሶራካ ግን ዛሬ ያየሁትን እነግራታለሁ፤ ጊንታራስ ቅዳሴ ላይ እንደነበር። አንተ ቀድመህ ለኮሎም ብትነግረው ይሻላል። ምናልባት እሱ…»

«እናትሽን አስቢ» አለ አባቷ። ባልዲውን ተቀብሎ በሩን ዘጋው።

የኮሎም እርሻ በር ከአውቶቡስ ማቆሚያው ይታያል። ዴርቭላ ቆማ አየች። የአባቷ መኪና በሩ ጋ ሲደርስ የፍሬኑ መብራት ቀላ። ለአፍታ ቆመ፤ ሞተሩ ሲያንጎራጉር እስከ ማቆሚያው ይሰማል። ከዚያ መብራቱ ጠፋና መኪናው መንገዱን ቀጠለ።

ምሳ ሰዓት ላይ ሶራካን ከጂምናዚየሙ ጀርባ፣ ዝናብ በማይደርስበት ግድግዳ ሥር አገኘቻት። ሶራካ ስልኳን እየነካካች ነበር።

«ጊንታራስ አልሰረቀም» አለች ዴርቭላ።

«ደግሞ ጀመረሽ! ምን ሆነሻል፣ ጠበቃው ነሽ?»

«ቅዳሴ ላይ ነበር። አይቼዋለሁ። ከኋላ ይቆማል፣ ከሰዎቹ ጋር፣ ሰማያዊ ጃኬቱን ለብሶ። ያለፈው እሁድም ከዚያ በፊትም። እናንተ ስለማትዞሩ አታዩትም።»

ሶራካ ስልኳን ዝቅ አደረገች። «የምርሽን ነው?»

«የምሬን ነው።»

«ኧረ በእግዚአብሔር… አባዬ የስንብት ደብዳቤውን ጽፎ ጨርሷል እኮ።» ሶራካ ትንሽ አሰበች። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ እንዳላት ሁሉ ዓይኗን ጠበብ አድርጋ ፈገግ አለች። «ቆይ ቆይ። አንቺ በየሳምንቱ ወደ ኋላ የምትዞሪው ምን ልታዪ ነው? የማንን ልጅ ነው? ንገሪኝ፣ ሙድ አልይዝብሽም!»

ቀላል ነበር። አንድ የወንድ ልጅ ስም መጥራት ብቻ ነው። ሶራካ ትስቃለች፣ እስከ ዓርብ ታሾፍባታለች፣ ጊንታራስም ይተርፋል። ግን ኮሎም ጠመኔውን ይዞ ሌላ ሰው መፈለጉ አይቀርም፤ ለሚቀጥለውም ሰው አባቷ «አይ ሰው!» ይላል።

የዝናቡ ውሃ ከጣሪያው ጫፍ ጫማቸው ሥር እየተንጠባጠበ ነው። ዴርቭላ እጆቿን ኪሷ ውስጥ ከተተች።

«አባቴን እየፈለግሁ ነበር» አለች።

ፈገግታው ከሶራካ ፊት ላይ ወዲያው አልጠፋም፤ ቀስ እያለ ነው የሄደው።

«አገኘሽው?»

«አላገኘሁትም።»