የሐኪሙ «ይሆናል»

ከቀኝ ብብቴ ሥር እስከ ጀርባዬ የሚሄድ ጠባሳ አለኝ። እናቴ ማህፀን ውስጥ ሳንባዬ ሲሠራ አንዱ ክፍሉ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ሆኖ ቀረና፣ በተወለድኩ በሦስት ወር ቆርጠው አወጡልኝ። ዛሬ ደረጃ ስንወጣ ከእኔ ይልቅ አክስቴ ታለከልካለች።

ከወደድኩት ሰው ጋር ያገናኘን ሱሪ ነው። እሱ የማተሚያ ቤት አራሚ፣ እኔ ልብስ ሰፊ። ሱሪ ሊያሳጥር መጥቶ በሱቃችን በር ላይ ከለጠፍኩት ማስታወቂያ ሁለት የፊደል ግድፈት አወጣብኝ። ልናደድ ስል ዓይኑን አየሁትና ተውኩት። በሳምንቱ ልኩ የሆነ ሱሪ ይዞ «አሳጥሪልኝ» አለኝ።

ጠባሳዬን ሲያውቅ ቅር አላለውም። እናቱ ግን ሰሙና፣ ከመጋባታችን በፊት የሐኪም ወረቀት ይምጣ አሉ። አመጣሁ። «ወደ ልጅ የሚተላለፍ ይሆናል» ይላል። ሐኪሙ ምናልባት ማለቱ ነው። እሳቸው ግን ቁርጥ ያለ ነገር አድርገው ጮክ ብለው አነበቡት፤ ደገሙት። በአንዲት ነጠላ ሰረዝ ከደራሲ ጋር የሚጣላው ልጃቸው ጣሪያ ጣሪያውን ያያል።

ሐኪሙ ጋ ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። እንዲህ ያለው ችግር አብዛኛውን ጊዜ በዘር እንደማይመጣ፣ በጥቂት ሰዎች ላይ ግን የዘረመል ለውጥ እንደሚገኝ፣ በእኔ ደም ምንም እንዳልታየ አስረዳኝ።

«ታዲያ የለም ብለው ይጻፉልኛ!»

«አላገኘሁም እንጂ የለም ማለት አልችልም፣ እህቴ።»

ይኸው ነው። ወረቀቱን ቦርሳዬ ውስጥ ወትፌ ወጣሁ።

ሐኪሙ ያለኝን ሁሉ ለእጮኛዬ ስነግረው፣ «ሌላ ምርመራ እንዳለ ሰምቻለሁ፣ እሱን ብታሠሪ የእማዬ ልብ ይራራል» አለኝ። መቀሴን አስቀመጥኩ።

«ልጃችን እንደ እኔ ሆኖ ቢወለድ፣ ባይወለድ ይሻለው ነበር?»

ቃል ሲመርጥ ጠበቅኩት። ፊቱ ቆሜአለሁ፤ እተነፍሳለሁ፤ እሠራለሁ፤ እወደዋለሁ። ሌላ ምን ማስረጃ ይፈልጋል?

«እስቲ እማዬን አንዴ ላናግራት» አለ።

ሂድ አልኩት፤ ሄደ። አክስቴ እስካሁን «ልጁ ጥሩ ነበር፤ አፉ ነው የጠፋው» ትላለች። እኔም በመንገድ ሳየው ልቤ ድንግጥ ይላል፤ አልወጣልኝም። ያን ቀን ለጥያቄዬ ከእሱ የፈለግኩት ግን «አይ» የምትል አንዲት ቃል ነበረች።