የታጠበችው ብልቃጥ

መምህር ዘርአ ዳዊት ከአንኮበር ወጣ ባለች መንደር፣ ገደል ሥር ወድቆ የተገኘው በኅዳር 1976 አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ነው። ከደብረ ብርሃን የተጠራው መርማሪ መቶ አለቃ ወርቅአገኘሁ ሲደርስ መንደሩ ፍርዱን ሰጥቶ ጨርሶ ነበር። ገሚሱ «ራሱን ወረወረ» ይላል፤ ገሚሱ «ሚስቱ አስገደለችው» ይላል። መቶ አለቃው ወሬ ሲበዛበት ጆሮውን የማከክ ልማድ ነበረው፤ ያን ዕለት ጆሮው ቀልቶ ዋለ።

ሬሳውን ሲፈትሽ ሁለት ነገር አገኘ። በግራ ብብቱ ሥር፣ ከሸሚዙ ውስጥ፣ ከነጠላ ጥለት የተቀደደ ጨርቅ ታስሯል፤ ጨርቁ ግን ምንም አልያዘም። በኮቱ ኪስ ደግሞ አንዲት የፔኒሲሊን ብልቃጥ አለች፤ ባዶ፣ አፏ በጥጥ የተወተፈ። ጥጡን ነቅሎ አሸተታት። አልኮል አልኮል አለችው። አንገቷን በጥፍሩ ሲፍቀው ቢጫ ሰም ተቀረፈ።

የሟቹ ታላቅ ወንድም መሪጌታ ገብረመንፈስቅዱስ አጠገቡ ቆመዋል። «ድግምት ነው። ያቺ ሴት ናት ያሰረችበት» አሉ። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች። ዛሬውኑ ወስደህ እሰርልኝ፤ አራቱን ልጆች እኔ አሳድጋለሁ።»

«እሷን ሳልሰማ አላስርም፣ አባቴ።»

የሟቹ ሚስት ደመቀች ደጃፏ ላይ ተቀምጣለች። ሆዷ ገፍቷል። ጎረቤት መጥቶ አላስተዛዘናትም፤ ይህ ለመቶ አለቃው ከሁሉም የከፋ ሆኖ ታየው።

«አራተኛውን ስወልድ ደም ፈሶኝ ከሞት ተረፍኩ» አለች። «ሐኪሙ ‹ብትደግሚ አትተርፊም› አለኝ። ዘርአ ዳዊት ‹አንቺ ከምትሞቺ እኔ ልቋጠር› ብሎ ጥር ላይ አዲስ አበባ ሄዶ የዘር ቧንቧውን አስቋጠረ። ‹ከሦስት ወር በኋላ ዘርህ ይመርመር፤ ንጹሕ ነው እስክትባል ተጠንቀቅ› ብለውት ነበር። ጊዜው ሲደርስ በብልቃጥ አድርጎ እዚህ ጤና ኬላ ሰጠ። ድሬሰሩ በማግስቱ ‹ንጹሕ› የሚል ወረቀት ጻፈለት።»

«ከዚያ እርስዎ አረገዙ።»

«አረገዝኩ። ወረቀቱን ሽማግሌ ፊት አስነብቦ ‹ከማን ነው?› አለኝ። ምን ልመልስ? የአሊዩ አምባው ዓወል ጨው ስለሚያመጣልን ብቻ ከሱ አሉኝ።»

«ዛሬ ጠዋትስ?»

«‹ሳታባርረኝ አንድ ጊዜ ብቻ አስመርምር› ብዬ ሳምንት ሙሉ ለመንኩት። እሺ አለኝ። ብልቃጧን በፈላ ውሃ አጠብኩለት። ሲሞላት አፏን በጧፍ ሰም ደፈንኩ። ብርድ እንዳይመታው ከነጠላዬ ቀድጄ ብብቱ ሥር አሰርኩለት። ‹ሳይቀዘቅዝ አድርስ› አልኩት።»

«ብልቃጧ ባዶ ናት።»

ቀና ብላ አየችው። «ባዶ?» አለች፤ ከዚያ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

ነጋዴው ዓወል ጭነት ሊያራግፍ መጥቶ መንደሩ ውስጥ ተይዞ ነበር። «ወላሂ፣ እንደ እህቴ ናት!» ብሎ ማለ። መቶ አለቃው መሐላ አይወድም፤ ጥያቄውን አዞረ።

«ድሬሰሩን ታውቀዋለህ?»

«ወልደአረጋይን? እንዴታ! ሚያዝያ ላይ ቆላው ሁሉ በወባ ሲያልቅ ማይክሮስኮፑን አውርዶ ለወባ ዘማቾቹ ሰጥቷቸው ተመለሰ። የኔንም ደም ያዩት በሱ ነው። መሣሪያው ወሩን ሙሉ እኛ ዘንድ ከረመ። ግንቦት ሲገባ እኔው በበቅሎዬ ጭኜ መለስኩለት። አንድም ሰው አመስግኖኝ አያውቅ!»

መቶ አለቃው ጆሮውን ማከኩን ተወ።

ጤና ኬላው ከመምህሩ ቤት የሩብ ሰዓት መንገድ ነው፤ ገደሉ መሃል ላይ ይገኛል። ድሬሰር ወልደአረጋይ አንዲት አሮጊት እያስተናገደ ነበር። በዚያ ዘመን ብልቃጥ ብርቅ ነውና በሽተኛ የየራሱን ይዞ ይመጣል። አሮጊቷ ያመጣችውን ሽንት አይቶ ደፋው፤ ብልቃጧን አጠበ፣ አልኮል ጨምሮ አንቀጨቀጨ፣ ደፋ፣ አፏን በጥጥ ወትፎ መለሰላት። እጁ ይህን ሁሉ ሲሠራ ዓይኑ መቶ አለቃው ላይ ነበር።

«መምህሩ ዛሬ እዚህ መጥቶ ነበር?»

«ከሚያዝያ ወዲህ ደጃችንን አልረገጠም፣ ጓድ መቶ አለቃ።»

«ጥሩ። እርስዎም እንዲሰሙ ሁሉንም እዚሁ እጠራቸዋለሁ።»

በአሥር ሰዓት አራቱም በጠባቧ ክፍል ተሰበሰቡ። ደመቀች በሩ ሥር፣ መሪጌታ ወንበር ላይ፣ ዓወል ግድግዳ ተደግፎ፣ ድሬሰሩ ከጠረጴዛው ኋላ። መሪጌታ ደመቀችን ልትወስድ የተጠራችውን የፖሊስ መኪና በመስኮት እያዩ «መኪናዋ ዝግጁ ናት?» ብለው ጠየቁ።

«ዝግጁ ናት። መሪጌታ፣ ሽማግሌ ፊት የተነበበው ወረቀት ቀኑ ስንት ይላል?»

«ሚያዝያ አሥራ ሁለት፤ የሚካኤል ዕለት። ይህንማ አልስትም።»

«ወረቀቱ የት አለ?»

«ከኪሱ አይለይም ነበር።»

«ከኪሱ ጠፍቷል። ራሱን የሚገድል ሰው ወረቀት አይሰርቅም። አሁን፣ ዓወል፣ ስለ ማይክሮስኮፑ የነገርከኝን ድገምላቸው።»

ዓወል ደገመላቸው።

«እንግዲህ ሚያዝያ አሥራ ሁለት ቀን እዚህ ቤት የወንድ ዘር ማየት የሚችል መሣሪያ አልነበረም» አለ መቶ አለቃው። «ወረቀቱ በግምት ነው የተጻፈው። አሁን ወደ ዛሬ እንምጣ። ደመቀች ብልቃጧን በሰም ደፍና ብብቱ ሥር አሰረችለት። እኔ ያገኘኋት ግን ከኪሱ ነው። ሰሙ ተነሥቶ በጥጥ ተወትፋለች፣ አልኮል ትሸታለች። ጓድ ወልደአረጋይ፣ መንገድ ላይ ማን አጠበለት?»

«ሚስቱ ራሷ…»

«በቤቷ አልኮል የለም። የሞላችው ብልቃጥ አንድ ቦታ ደርሳ ተከፍታለች፣ ታይታለች፣ ታጥባ ተመልሳለች። አሮጊቷን ስታስተናግድ አየሁህ። አንተ ባታስብም እጅህ ያጥባል።» አጎንብሶ ከጠረጴዛው ሥር ያለውን የቆሻሻ ባልዲ ገለበጠ። ከተጣለው ጥጥ መሃል የብልቃጥ አፍ ቅርጽ የያዘች ቢጫ ሰም ወደቀች።

ከዚያ በኋላ ድሬሰሩ ብዙ አልተከራከረም።

«‹እስቲ እኔም ልይ› አለኝ» አለ አንገቱን ደፍቶ። «አየ። ዘሮቹ ሲንቀሳቀሱ አየ። መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ብልቃጧን ሰጠሁት። ‹ዛሬ እግሯ ላይ ልውደቅ፤ ነገ ይህን ወረቀት ይዤ ደብረ ብርሃን እከስሃለሁ› ብሎ ወጣ። ስንቱን ሰው ሳላይ ‹ንጹሕ› ብዬ ጽፌለታለሁ! ተከትዬ ለመንኩት። እንቢ አለኝ። ገደሉ አፋፍ ላይ ወረቀቱን ቀምቼ ገፋሁት።»

ዓወል በለሆሳስ «ኢና ሊላሂ» አለ። መሪጌታ ተነሥተው ደመቀች ፊት ቆሙ። ጥምጥማቸውን አውልቀው እግሯ ሥር አኖሩት።

እሷ መሪጌታን አላየቻቸውም። «ወደ ቤት እየመጣ ነበር?» አለች መቶ አለቃውን።

«ወደ ቤት እየመጣ ነበር።»

ያን ጊዜ ነው ለባሏ ያለቀሰችው።

መቶ አለቃው እንባዋ እስኪበርድ ጠብቆ፣ «ሐኪሙ የነገረዎት አልተረሳም» አላት። «ያቺ መኪና ለእርስዎ ነበር የተጠራችው። አሁንም እርስዎን ትወስዳለች፣ ግን ወደ ሆስፒታል። እስረኛው ከኋላ ከፖሊሶች ጋር ይቀመጣል።»

«ልጆቼስ?»

«እስክትመለሺ እጠብቃቸዋለሁ» አሉ መሪጌታ። «ስትመለሺ ያንቺው ናቸው።»

ልትሳፈር ስትል ዘወር ብላ ብልቃጧን እንዲሰጣት መቶ አለቃውን ለመነችው።

«ኤግዚቢት ናት፤ ልሰጥዎ አልችልም» አላት። ከዚያ ከኪሱ ያቺን ከነጠላዋ የተቀደደች ጨርቅ አውጥቶ በእጇ አኖረላት። ደመቀች ጨርቋን ብብቷ ሥር አድርጋ ከፊት ወንበር ተቀመጠች።