ከደሴቷ ጀርባ ያለፉ ሰዓታት

በሐይቁ ዳር፣ በቆርቆሮዋ ክፍል ውስጥ፣ መዝጋቢዋ ለእያንዳንዱ ጀልባ ሁለት ነገር ትጽፍ ነበር፦ ስንት ኪሎ ዓሣ እንደያዘና ስንት ሰዓት ሲያጠምድ እንደዋለ። ዓሣ እንደ ከብት ተሰልፎ አይቆጠር! ኪሎው ለሰዓቱ ሲካፈል ነው በውኃው ውስጥ መብዛቱም መመናመኑም የሚታወቀው።

ሁልጊዜ የመጨረሻው ጀልባ የአንድ ወጣት ነው። አጥማጆቹ «አርፋጁ» ይሉታል። በምዕራቡ ጥግ የሚያጠምደው እሱ ብቻ ነበር፤ በአባቱ ጀልባ።

«ዛሬስ ምን ያህል ቆየህ?»

«አሥር ሰዓት ሙሉ።»

«ለዚህችው?»

«ምን ላድርግ፣ ዓሣው እምቢ አለኝ» ይላል፤ ዓይኗን ላለማየት የሚዛኑን መርፌ እያየ።

በሦስተኛው ወር ስታሰላው የጥጉ ቁጥር ከሌላው ቦታ በግማሽ አንሶ ተገኘ። መዝጋቢዋ ልቧ እያዘነ ጥጉ ለሁለት ዓመት ይዘጋ ብላ ጻፈች። ወረቀቱ ሳይላክ አባትየው ወሬውን ሰምተው ልጃቸውን አስከትለው መጡ።

«ልጄ፣ ሁለት ዓመት ምን ልንበላ ነው?»

«አባባ፣ እኔም ደስ ብሎኝ አይደለም። ቁጥሩ ነው።»

አርፋጁን ላብ አጠመቀው።

«ዓሣው አላለቀም። የማጠምደው አራት ሰዓት ብቻ ነው።»

«ስድስቱስ?»

«ከደሴቷ ጀርባ እቀመጣለሁ። ወረፋው እስኪያልቅ... የመጨረሻ ስሆን ሰው የለም፤ ትንሽ ታዋሪኛለሽ።»



«አንተ!» አሉ አባትየው፤ «እኔ እኮ አቅም አነሰው ብዬ ወተት ስገዛልህ ከረምኩ!»

መዝጋቢዋ ሳቋ አመለጣት። ጥፋቱ የእሷም ነበር። አሥር ሰዓት መረብ ሲጎትት የዋለ ሰው ፀጉሩን አበጥሮ፣ ሸሚዙ ደርቆ እንደማይመጣ ታውቃለች። ግን ስታየው መጠየቁን ትረሳዋለች።

ወረቀቱን ቀደደችው። ኪሎውን ለአራት ብታካፍለው ጥጉ ከሌላው ሁሉ የተሻለ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ መዝገቡ ላይ አዲስ መስመር አሰመረችና አናቱ ላይ «ጥበቃ» ብላ ጻፈች።

«ይህን እየለየህ ንገረኝ» አለችው።

«ነገም ልጠብቅ?»

«ነገ ቀድመህ ና። ወረፋው ይጠብቀን።»

ሠላሳ አንድ ዓመት አብረው ኖሩ። ባለፈው ክረምት አርፋጁ፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ቀድሟት ሄደ።

አንዳንዴ ያንን መዝገብ ትገልጠዋለች። ለአሥር ደቂቃ ወሬ ስድስት ሰዓት፣ በየቀኑ፣ ፀሐይ ላይ። እንዲህ የተጠበቀች ሴት ምን ቀረባት? ተመስገን ትላለች።

አሁን የጥበቃው ተራ የእሷ ነው።