ከፖስታ ሳጥኑ ላይ የተፋቀው ስም

ቅዳሜ የሜሪ የጥርስ ብሩሽ ጠፋ። ሰኞ ቀይ ጫማዋ። ማክሰኞ ኃይለልዑል ከትምህርት ቤት ሲመለስ ደግሞ፣ የስድስት ዓመት እህቱ ሜሪ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሳ የተነሳችው ፎቶ ከሳሎኑ ግድግዳ ላይ የለም። የቀረው ምስማሩ ብቻ ነው።

«ማሚ፣ ፎቶውን አንቺ ነሽ ያነሳሽው?»

እናቱ ዓባይነሽ የሆቴል ዩኒፎርሟን እየተኮሰች ነበር። «እኔ ምን ላደርገው! በስመ አብ! ይሄን ቤት ምን ገባበት?» ብላ አማተበች።

የሚጠፋው የሜሪ ዕቃ ብቻ መሆኑን ሊነግራት ፈለገና ተወው። እሷ እንደሆነ የጥገኝነት ጉዳያቸው ስድስት ዓመት ሙሉ ሳይቋጭ ቀርቶ፣ ጭንቀት ላይ ናት። ከአራቱ የቤተሰቡ አባላት አሜሪካዊት ሜሪ ብቻ ናት፤ እዚሁ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ነው የተወለደችው።

ኃይለልዑልም የራሱ ጣጣ ነበረበት፤ የሐሙሱ ዲቤት፣ በክፍል ፊት የሚደረግ ክርክር። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር 2010 ነው፤ ያን ሰሞን ቴሌቪዥኑ ሁሉ የሚያወራው ስለዚህ ነበር። የመኖሪያ ወረቀት የሌላቸው ሰዎች እዚህ የወለዷቸው ልጆች ዜጋ ይሁኑ ወይስ አይሁኑ? ቲቸሩ ዕጣ አስወጣቸው፤ ለኃይለልዑል «አይሁኑ» ደረሰው። ዕጣ ነው፣ ምን ይደረግ! ያሸነፈ ትምህርት ቤቱን ወክሎ ይወዳደራል፣ ይሄ ልጅ ደግሞ መሸነፍ ሞቱ ነው። ሳምንቱን ሙሉ በሻወር ቤቱ መስታወት ፊት ቆሞ በእንግሊዝኛ ሲጮህ ሰነበተ። «እዚህ መወለድ ብቻውን ዜጋ አያደርግም! ከወላጆቹ ጋር ይመለስ!»

ረቡዕ ከስኩል ባስ ሲወርዱ ሜሪ ሮጣ ቀድማው ገባች። እሱ ደብዳቤ ሊያይ ወደ ፖስታ ሳጥኖቹ ሄደ። አባትና እናት እንደ ፈረንጆቹ በአንድ የቤተሰብ ስም ስለማይጠሩ፣ ፖስተኛው ግራ ተጋብቶ ደብዳቤ እንዳይመልስ ብሎ አባቱ ሥዩም የአራቱንም ስም ከነአባታቸው ጽፎ ለጥፎ ነበር። አሁን ያሉት ሦስት ናቸው። የሜሪ በጥፍር ተፍቆ፣ ወረቀቱ ነጭ ሆኗል።

ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ወጣ። በሩ ገርበብ ብሏል። ቴሌቪዥኑ በርቷል፤ ድምፅ ግን የለውም።

«ሜሪ!»

ሳሎኑንም መኝታ ቤቱንም አየ፤ የለችም።

«ሜሪ! ቀልዱን ተይ፣ ሲሪየስ ነኝ!»

ከኮት ማስቀመጫው ቁምሳጥን ውስጥ ትንፋሽ ተሰማ። ከፈተው። ሜሪ ከኮቶቹ ኋላ ተኮራምታለች። ብሩሹ፣ ጫማው፣ ፎቶው፣ ሁሉም ጭኗ ላይ ነው። ዓይኗን ሳትነቅል አየችው።

«ሜሪ፣ ምን እየሠራሽ ነው?»

«ሜሪ እዚህ የለችም» አለች በሹክሹክታ። «ወለተ ጻድቃን በለኝ።»

የክርስትና ስሟ ነው። እናታቸው ዘወትር ትላቸዋለች፤ የክርስትና ስማችሁን ለማንም እንዳትናገሩ፣ ክፉ የሚያስብ ስማችሁን ካላወቀ አያገኛችሁም።

«ሊወስዷት ሲመጡ ዕቃዋን ካላዩ፣ ሜሪ እዚህ አትኖርም ብለው ይሄዳሉ» አለች። «ወለተ ጻድቃንን ደግሞ አያውቋትም።»

«ማነው የሚወስድሽ? ማን አለሽ?»

«አንተ። ሻወር ቤት ሆነህ በየቀኑ የምትለው።»

ጨዋታ እኮ ነው ሊላት ነበር፤ ግን አፈረ። መሬት ይዋጠኝ አለ በልቡ። ከዚያ ማርከርና ፕላስተር ፈልጎ እጇን ያዘ።

ታች ወርደው አዲስ ወረቀት ለጠፈ። የእሷን ስም ከሁሉም በላይ ጻፈው።

«ነገስ ያንን ትላለህ?» አለችው ፓርኪንጉን እየቃኘች።

«ቲቸሬን ወደ ሌላው ወገን ቀይረኝ እለዋለሁ።»

«እምቢ ካለህስ?»

«አልናገርም፣ እሸነፋለሁ።» ማርከሩን ኪሱ ከተተ። «ነይ እንግባ፣ ሜሪ።»

ልጅቷ መንገዱን ግራና ቀኝ አየች። ማንም የለም።

«አቤት» አለች።