ያልተሞከሩት ስድስቱ

የጭነት መኪናው ወደ ኋላ እየመጣ የአዳራሹ በር ጋ ሲቆም ሚጣ ወደ ግድግዳው ተጠጋች።

ውጭ አገር ያሉ ቤተሰቦች ያቋቋሙት የመረዳጃ ማኅበር አዳራሽ በሰው ተሞልቷል። የሚጣና የጓደኞቿ ወላጆች ተወልደው ባደጉበት አገር ላለ የወሊድ ክሊኒክ የሚላኩ አሥራ አራት ያገለገሉ የኦክስጅን ማሽኖች ተደርድረዋል። ሁሉም ላይ አረንጓዴ ምልክት ተለጥፏል። አረንጓዴ ማለት ማሽኑ ኤሌክትሪክ ላይ ተሰክቶ ሃያ ደቂቃ ሠርቷል ማለት ነው።

ስድስቱ ግን ጭራሽ አልተሰኩም።

ትናንት ከትምህርት ቤት መልስ የመሞከሩ ሥራ የተሰጠው ለሚጣና ለጓደኛዋ ነበር። ጓደኛዋን ሁሉም «ጄት» ነው የሚላት፤ ምሳዋን እንኳ ቆማ ነው የምትጨርሰው። ስምንተኛው ላይ ጄት ሰለቻት። «ባክሽ፣ ሁሉም ያው ናቸው!» ብላ የቀሩት ላይ ምልክቱን እየለጠፈች አለፈች። ሚጣ አየች። ዝም አለች።

አሁን ነርስ የሆነችው የሚጣ አክስት ስልኳን ለሁሉም እንዲሰማ ከፍታ ከክሊኒኩ አዋላጅ ጋር ታወራለች።

«ያለን አንድ ማሽን ብቻ ነው» አለች አዋላጇ። «ባለፈው ሳምንት ሁለት ሕፃናት ትንፋሽ አጠራቸው። እያፈራረቅን ሰጠናቸው። እግዜር ይስጥልን፣ ከእንግዲህ እንደዚያ አንጨነቅም።»

ሰው አጨበጨበ። አክስቷ ተሰናብታ ስልኩን ዘጋች። ሚጣ ግን አላጨበጨበችም።

ጄት ጆሮዋ ሥር መጣች። «ምን ሆነሻል? እንዳትለፈልፊ!»

«ባይሠሩስ?»

«ይሠራሉ አልኩሽ! ደሞ አባትሽ ይገድልሻል።»

አባቷ የማኅበሩ ሊቀመንበር ነው። ይህን መኪና ለማግኘት ስንቱን ደጅ እንደጠና ታውቃለች። ሹፌሩ የመጀመሪያውን ማሽን ሲያነሳ ወደ አባቷ ሄደች።

«አባዬ…»

«ቆዪ የኔ ልጅ፣ ሥራ ላይ ነኝ።»

«አባዬ፣ ስድስቱ አልተሞከሩም!»

ድምፅዋ ካሰበችው በላይ ጮኸ። ሰው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ።

«ታዲያ ምልክቱን ማን ለጠፈው?» አለ አባቷ ቀስ ብሎ። የሚያስፈራት ቀስ ብሎ ሲናገር ነው።

ጄት ዓይኗ እንባ አቅርሮ መሬት መሬቱን ታያለች።

«እኔ እያየሁ ነው የተለጠፈው» አለች ሚጣ።

አክስቷ ሚጣ ያሳየቻትን ስድስቱንም ባንድ ጊዜ ሰካቻቸው። ሹፌሩ ሰዓቱን እያየ ያጉረመርማል። አምስቱ እያንሾካሾኩ መሥራት ቀጠሉ። ስድስተኛው አሥር ደቂቃ ሳይሞላው ጮኸና ቀይ መብራት አበራ። አክስቷ መዳፏን ቱቦው አፍ ላይ አደረገች። ትንፋሽ የለውም።

አባቷ ምልክቱን ከላዩ ላይ በጥፍሩ ልጦ አነሳው። አልተቆጣም። ግንባሩን ብቻ አሻሸ።

«አሥራ አራት ብለናቸዋል» አለ። «አሁን ለአዋላጇ ማን ይነግራታል?»

ሚጣ ወደ አክስቷ ጠጋ አለች።

«ቁጥሯን ስጪኝ» አለች። «እኔ እነግራታለሁ።»