የማተሚያ ቤቱ ወራሽ

የማተሚያ ቤቱን ባለቤት የገደላቸው ዕድሜ ልካቸውን ሲነግዱበት የኖሩት ወረቀት ነው። ሬሳቸው ከመጋዘኑ ተዳፋት ግርጌ፣ በግድግዳውና በአንድ ግዙፍ የወረቀት ጥቅል መካከል ተጣብቆ ተገኘ። ሠራተኛው ሁሉ «አደጋ ነው» ብሎ ተስማማ።

ባልደረቦቿ «ወንፊት» የሚሏት መርማሪ ግን ከሬሳው ይልቅ ተዳፋቱ አናት ላይ ብዙ ቆየች። ጥቅሎቹ እንዳይንከባለሉ ከፊታቸው የእንጨት ሽብልቅ ይደረጋል። የዚህኛው ሽብልቅ እዚያው አናት ላይ፣ ከጎን ግድግዳ ሥር ቁጭ ብሏል። አገላብጣ አየችው፤ ጭረት እንኳ የለበትም።

«ጥቅሉ በራሱ አምልጦ ቢሆን ይሄን ጨፍልቆት ያልፍ ነበር» አለችው አጠገቧ ለቆመው ዘበኛ። «ሰው ነው በእጁ ያነሳው።»

አዛውንቱ በዚያው ሳምንት ወራሻቸውን ሊያሳውቁ ነበር። ቤት የሚውሉ ሚስትና ሁለት ልጆች አሏቸው። ወንዱ ስሙ ዓለምን ካዳረሰ የቢዝነስ ትምህርት ቤት ማስተርሱን ይዞ በቅርቡ ተመልሷል። ታናሽ እህቱም እዚያው ትምህርት ቤት ገብታ ነበር፤ ነገር ግን የመጋዘኑ ኃላፊ የሆነው ባሏ፣ ክፍያው የትና የት እንደሆነ፣ ትዳርም በርቀት እንደማይጸና እየነገረ በኦንላይን እንድትማር አግባባት። ቀን ማሽኖቹን ስታሠራ ውላ ማታ ማታ ትማራለች። ሠራተኞቹ «የሱ ዲግሪ በአውሮፕላን መጣ፣ የሷ በኔትወርክ» እያሉ ይቀልዱ ነበር።

ዘበኛው ያየውን ተናገረ። ጠዋት አባትና ወንድ ልጅ ቢሮ ውስጥ ተጨቃጨቁ። ወዲያው አማቹ፣ የልጅቱ ባል፣ ራሴን አመመኝ ብሎ በእግሩ ወጣ፤ ልጁም መኪናውን አስነስቶ ከነፈ። ከዚያ አዛውንቱ በሩ ላይ ከዘበኛው ጋር ትንሽ ተጫውተው፣ እንደ ልማዳቸው ወረቀታቸውን ሊያዩ ወደ መጋዘን ገቡ። ሠራተኞቹ ሁሉ ከማሽኖቻቸው አልተለዩም፤ በዋናው በር የተመለሰ ሰውም የለም። የኋላውን በር ቁልፍ የያዙት ደግሞ ሴት ልጃቸውና ባሏ ብቻ ናቸው፤ ወንድ ልጃቸው ገና አልተሰጠውም።

ወንፊት እያንዳንዳቸውን ለየብቻ አነጋገረች። ልጁ ስለ ጠቡ ሲጠየቅ «የአባትና የልጅ ነገር ነው» ብሎ አፉን ዘጋ። እህቱ ዓይኗ አብጦ፣ ረፋዱን ሙሉ ቤቷ ፈተና ላይ እንደነበረች ተናገረች። አማቹ ቤት ገብቶ እንደተኛ ነገራት።

«ሚስትዎን አይተዋታል?» አለችው።

«እንዴታ። ትምህርቷ ላይ ነበረች፤ ሻይ አፍልቼ ገብቼ ሰጠኋት። ቀና ብላም አላየችኝ።»

በማግስቱ ሦስቱንም በአዛውንቱ ቢሮ ሰበሰበቻቸው። ስለ ሽብልቁና ስለ ኋላ በሩ ቁልፍ ካስረዳች በኋላ ወደ ልጅቱ ዞረች።

«ፈተናዎ እንዴት ነው የሚሰጠው?»

«ካሜራ በርቶ፣ በር ተዘግቶ ነው። ሌላ ሰው ከታየ ወይም ድምፁ ከተሰማ ይሰረዛል።»

«አልተሰረዘም። ቀረጻውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አየሁት። ከወንበርዎ አልተነሱም፤ ማንም አልገባም። ባለቤትዎ ግን ገብቼ ሻይ ሰጠኋት ብለዋል።»

ልጅቱ ወደ ባሏ ዞረች። «የምን ሻይ?»

አማቹ ያን ቀን ፈተና እንዳለባት ረስቶት ነው፤ የዘወትር ትምህርቷ መስሎት ነበር።

«የኋላውን ቁልፍ ከያዙት ሁለት ሰዎች አንዷ ካሜራ ፊት ነበረች» አለች ወንፊት። «አንደኛው የት እንደነበረ ዋሽቷል። የቀረኝ ምክንያቱ ነው። አሁን እርስዎ፣ አባትዎ ያን ጠዋት ያሉዎትን ይናገሩ።»

ልጁ ቀስ ብሎ ጀመረ። «‹ትምህርት ቤትህን ዓለም ያውቀዋል፤ ቤቱ ግን ላንተ ይገባል አልልም። ይሄን ቤት የምታውቀው እህትህ ናት፤ ለሷ እሰጣለሁ› አለኝ። ተናድጄ ወጣሁ። ብናገር እኔ የምጠረጠር መስሎኝ ዋጥኩት።»

የአማቹ ፊት አመድ መሰለ።

«በመስኮቱ ሥር ሳልፍ... ‹ዓለም ያውቀዋል፤ ቤቱ ግን ላንተ ይገባል› ሲሉ ነው የሰማሁት። የቀረውን የማሽኑ ድምፅ ዋጠው። እሷን ያስቀረኋት እኔ ነኝ። በኔ ጦስ ባዶ እጇን ልትቀር ነው ብዬ... ውሳኔያቸውን ሳያሳውቁ ከሞቱ እኩል ይካፈላሉ ብዬ።»

ሚስቱ ተነስታ ፊቱ ቆመች።

«ለኔ ብለህ ነው?»

አንገቱን ደፋ።

«ሳልሄድ በመቅረቴ አንድም ቀን ቆጭቶኝ አያውቅም ነበር» አለች በቀስታ። «እስከ ዛሬ።»

ፖሊሶቹ ሲወስዱት ዞራ አላየችውም። ወንድሟ ወንበሩ ላይ ተጣጥፎ ያለቅሳል። ሄዳ ትከሻውን ያዘችው።

«ተነስ ወንድሜ። ለእማማ ይሄን ብቻዬን መንገር አልችልም።»